በማኔጅድ ስዊች ላይ አክሰስ ሊስት ማዘጋጀትና መለወጥ፦ ራስዎን ውጭ ሳይቆልፉ

አክሰስ ሊስት በስዊች (የኔትወርክ መሣሪያዎችን በኬብል በሚያገናኘው፣ ማኔጅድ ከሆነም በትእዛዝ በሚስተካከለው ሳጥን) ውስጥ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ከተጻፉለት መስመሮች ጋር እያመሳከረ «ይለፍ» ወይም «ይቅር» የሚል ውሳኔ የሚሰጥ ዝርዝር ነው። አጻጻፉ ብዙም አይከብድም፤ ትእዛዞቹን በአንድ ከሰዓት በኋላ መልመድ ይቻላል። የሚከብደው ሰዎች እየሠሩበት ባለ ኔትወርክ ላይ ዝርዝሩን መለወጥ ነው፤ አንዲት መስመር ቦታዋን ስትስት የሚቆረጠው የተጠቃሚው መንገድ ብቻ ሳይሆን የባለሙያው የራሱ መግቢያም ነውና። በዚህ መመሪያ ከማዘጋጀቱ ይልቅ ለመለወጡ ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠሁት ስለዚህ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ እንደምናያቸው ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ነው። በአንድ ሌየር 3 ስዊች፣ ማለትም ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ ፓኬት ማሻገር በሚችል ስዊች ላይ፣ ስድስት ቪላኖች (በአንዱ ስዊች ውስጥ ተለያይተው የተከፈሉ ኔትወርኮች) አሉት፦ ቪላን 10 ለእንግዳ መቀበያና ለቢሮ፣ ቪላን 20 ለሒሳብ ክፍል፣ ቪላን 30 ለእንግዶች ዋይፋይ፣ ቪላን 40 ለካሜራዎች፣ ቪላን 50 ለሰርቨሮች፣ ቪላን 99 ደግሞ ለኔትወርክ አስተዳዳሪው። አድራሻዎቹ ከ10.20.10.0 ጀምሮ የቪላኑን ቁጥር ይከተላሉ። የእንግዶቹ ብቻ ሰፋ ይላል፤ በጥምቀት ሰሞን ከ254 በላይ ስልክና ላፕቶፕ ስለሚገናኝ ከ10.20.30.0 እስከ 10.20.31.255 ያለውን፣ ማለትም ማስኩ (የአድራሻው የትኛው ክፍል ኔትወርኩን እንደሚያመለክት የሚናገረው ቁጥር) 255.255.254.0 የሆነውን ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ይዟል። ይህችን ነገር ልብ ይበሉ፤ ቆይቶ ዋጋ ታስከፍላለች።

ትእዛዞቹ በሲስኮ ስዊቾች አጻጻፍ የቀረቡ ናቸው። እዚህ እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይገባሉ።

ከስዊቹ በፊት ወረቀት

የመጀመሪያው ሥራ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ፕሮቶኮልና በስንተኛው ፖርት (አገልግሎቱን በሚለየው ቁጥር) መነጋገር እንዳለበት በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ሰዎችን ጠይቆ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የሒሳብ ሠራተኛዋን ቢጠይቋት «እኔ የምጠቀመው ሲስተሙን ብቻ ነው» ትልዎታለች፤ እውነቷንም ነው። ነገር ግን ያ ሲስተም ስም ለማስተርጎም ዲኤንኤስን በፖርት 53፣ ሰዓት ለማስተካከል ኤንቲፒን በፖርት 123፣ ደረሰኝ ለማተም ፕሪንተሩን በፖርት 9100 እንደሚፈልግ እርሷ የምታውቅበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከጥያቄው ጎን ለጎን ኮምፒውተሯ ላይ የተከፈቱትን ግንኙነቶች በኔትስታት ትእዛዝ መመልከት፣ ቢቻል አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ተከታትሎ መመዝገብ ያስፈልጋል። የወር መጨረሻ ሪፖርት የሚላክበት መንገድ በወሩ አጋማሽ ላይ አይታይምና ስለ እርሱም ለይተው ይጠይቁ።

ከዚያ ዝርዝሩ የት እንደሚቀመጥ ይወስኑ። በስዊች ላይ ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የስዊቹ ፖርት፣ ማለትም ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ዝርዝር ኬብሉ እንደገባ የሚመጣውን ሁሉ ያያል። ሁለተኛው የቪላኑ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ቪላኑ ከሌሎቹ ጋር የሚገናኝበት በር ነው፤ ይህኛው ከአንድ ቪላን ወደ ሌላ ቪላን የሚሻገረውን ብቻ ያያል፣ በዚያው ቪላን ውስጥ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚያወሩትን ግን አያየውም። ሦስተኛው ቪላን ማፕ የሚባለው ሲሆን በቪላኑ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውንም የሚሻገረውንም ይይዛል። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በሁለተኛው ነው። ሆኖም አንዱ እንግዳ የሌላውን እንግዳ ላፕቶፕ እንዳይነካ ከተፈለገ በቪላን ኢንተርፌስ ላይ ምንም ቢጽፉ አይረዳም፤ በአክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን በሚያሰራጨው መሣሪያ) ላይ ደንበኞችን የሚለየውን ማስተካከያ ማብራት ይኖርብዎታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአቅጣጫው ላይ ነው። «ኢን» እና «አውት» የሚቆጠሩት ከስዊቹ ወገን ሆነው ሲታዩ ነው፤ ተጠቃሚው ከቆመበት ቦታ አይቆጠሩም። በቪላን 30 ኢንተርፌስ ላይ «ኢን» ማለት ከእንግዶቹ ተነሥቶ ወደ ስዊቹ የሚገባው ነው፤ «አውት» ማለት ደግሞ ከስዊቹ ወጥቶ ወደ እንግዶቹ የሚሄደው ነው። የፋሲል ግቢ አጥር 12 በሮች አሉት፤ በዚያ ዘመን የነበረ በረኛ ሰውን ገቢ ወይም ወጪ የሚለው እርሱ ከቆመበት ከግቢው ወገን አይቶ ነው። ስዊቹን ግቢው፣ ቪላኖቹን ደግሞ በየበሩ ውጭ ያሉ ሰፈሮች አድርገው ካሰቡት አቅጣጫው አይጠፋብዎትም።

የእንግዶቹን ዝርዝር መጻፍ

ዓላማው እንግዶች ኢንተርኔት እንዲያገኙ፣ የሆቴሉን ውስጣዊ ኔትወርክ ግን እንዳይነኩ ማድረግ ነው። የዲኤንኤስና የዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለው) ሰርቨሩ 10.20.50.10 ነው እንበል። ከታች «ፐርሚት» ማለት ይለፍ፣ «ዲናይ» ይቅር፣ «ኤኒ» ማንኛውም አድራሻ፣ «ሆስት» አንድ አድራሻ ብቻ፣ «ኢኪው» ፖርቱ እኩል ሲሆን ማለት ነው፤ ቲሲፒና ዩዲፒ ፓኬቶች የሚጓዙባቸው ሁለት ፕሮቶኮሎች ናቸው፣ «አይፒ» ደግሞ ሁሉንም ያጠቃልላል።

አይፒ አክሰስ-ሊስት ኤክስቴንድድ እንግዳ-1
10 ፐርሚት ዩዲፒ ኤኒ ኢኪው 68 ኤኒ ኢኪው 67
20 ፐርሚት ዩዲፒ 10.20.30.0 0.0.1.255 ሆስት 10.20.50.10 ኢኪው 53
30 ፐርሚት ቲሲፒ 10.20.30.0 0.0.1.255 ሆስት 10.20.50.10 ኢኪው 53
40 ዲናይ አይፒ 10.20.30.0 0.0.1.255 10.0.0.0 0.255.255.255
50 ዲናይ አይፒ 10.20.30.0 0.0.1.255 172.16.0.0 0.15.255.255
60 ዲናይ አይፒ 10.20.30.0 0.0.1.255 192.168.0.0 0.0.255.255
70 ፐርሚት አይፒ 10.20.30.0 0.0.1.255 ኤኒ

ስዊቹ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ በገጠመችው መስመር ላይ ይወስንና የቀሩትን አያያቸውም። መስመር 70 ከመስመር 40 በላይ ብትጻፍ ክልከላዎቹ ሁሉ ከንቱ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ከመጨረሻው መስመር በታች ደግሞ ማንም ያልጻፋት፣ በዝርዝሩም ላይ የማትታይ፣ «የቀረው ሁሉ ይቅር» የምትል መስመር አለች። ይህችን የተደበቀች መስመር መዘንጋት አደገኛ ነው።

መስመር 10 ላይ መነሻው ለምን «ኤኒ» እንደሆነ ላስረዳ። ስልኩ ገና አድራሻ ሲጠይቅ የራሱ አድራሻ ስለሌለው ከ0.0.0.0 ተነሥቶ ወደ 255.255.255.255 ይጣራል፤ መነሻውን በእንግዶች ሰብኔት ብንወስነው ያ ጥሪ ከምንም መስመር ጋር ሳይገጥም በተደበቀችው መስመር ይወድቃል፣ እንግዳውም «ዋይፋዩ አድራሻ አይሰጠኝም» ብሎ እንግዳ መቀበያ ይመጣል። በዚያችው መስመር ላይ የፖርቱን ቁጥር አቀማመጥም ይመልከቱ፤ ከመነሻው ቀጥሎ የተጻፈ ቁጥር የመነሻ ፖርት ነው፣ ከመድረሻው ቀጥሎ የተጻፈው ደግሞ የመድረሻ ፖርት። መስመር 20 ላይ 53ን ከመነሻው ኋላ ቢያደርጓት ስዊቹ ሳያጉረመርም ይቀበልዎታል፣ ዲኤንኤስ ግን አይሠራም።

0.0.1.255 ዋይልድካርድ ማስክ ይባላል። እያንዳንዱን የሰብኔት ማስክ ክፍል ከ255 በመቀነስ ይገኛል፦ 255.255.254.0 ሲቀነስ 0.0.1.255 ይሰጣል፣ 255.255.255.224 ደግሞ 0.0.0.31። ቀላል ስሌት ነው፤ ሆኖም አንድ የጥምቀት ዋዜማ ላይ እኔው ራሴ ከልማድ የተነሣ 0.0.0.255 ብዬ ጽፌ፣ አመሻሹን ግማሹ እንግዳ ኢንተርኔት አለው፣ ግማሹ የለውም። ሁሉም አድራሻ አግኝተዋል፣ የዋይፋዩም ምልክት ሙሉ ነው። አክሰስ ፖይንቶቹን አንድ በአንድ ሳጠፋና ሳበራ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ከሁለት እንግዶች ስልክ ላይ አድራሻቸውን ጎን ለጎን ሳነብ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፤ በ10.20.30 የሚጀምረው ይሠራል፣ በ10.20.31 የሚጀምረው አይሠራም። ከዚያ ወዲህ ዋይልድካርዱን ከቪላኑ ኢንተርፌስ ማስክ ጋር ሳላመሳክር አንዲትም መስመር አልጽፍም።

ዝርዝሩ ተጽፎ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ በቦታው ላይ መሰካት አለበት፦

ኢንተርፌስ ቪላን 30
አይፒ አክሰስ-ግሩፕ እንግዳ-1 ኢን

ከዚህ በኋላ አንድ እንግዳ የጌትዌዩን (ከቪላኑ መውጫ የሆነውን የስዊቹን) አድራሻ ፒንግ ቢያደርግ፣ ማለትም «አለህ ወይ» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ አያገኝም፤ ጌትዌዩም በ10 የሚጀምር አድራሻ ስላለው መስመር 40 ትይዘዋለችና። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም እንግዶች የስዊቹን መግቢያ ገጽ እንዳይሞክሩ ይከለክላል።

የሒሳብ ሰርቨሩን መጠበቅ፣ የመልሱም መንገድ

የሒሳብ ሰርቨሩ 10.20.50.20 ነው፤ ከሒሳብ ክፍል በፖርት 443 ብቻ እንዲደረስበት ተፈልጓል። ዝርዝሩን በቪላን 50 ላይ በ«አውት» አቅጣጫ እንሰካዋለን፣ ማለትም ወደ ሰርቨሮቹ ሲሄድ። ብዙ ሰው የሚጽፈው ሦስት መስመር ነው፦ ሒሳብ ክፍል በ443 ይለፍ፣ ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ ሌላ ሁሉ ይቅር፣ የተረፈው ይለፍ። ሒሳብ ክፍሉ ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከሳምንት በኋላ ግን የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል፣ ማሻሻያዎችም አይወርዱለትም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፋየርዎል ማን ንግግሩን እንደጀመረ ያስታውሳል፤ የስዊች አክሰስ ሊስት ግን አያስታውስም፣ እያንዳንዱን ፓኬት ለብቻው ይመዝናል። ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ ጥያቄ ሲልክ የሚመጣለት መልስ በዝርዝሩ ዓይን ከውጭ የመጣ እንግዳ ፓኬት ስለሆነ ይወድቃል። ስለዚህ የመልሱን መንገድ በእጅ መክፈት ያስፈልጋል፤ የሰዓት ሰርቨሩ 10.20.99.1 ቢሆን እንዲህ ይጻፋል፦

አይፒ አክሰስ-ሊስት ኤክስቴንድድ ሰርቨር-1
10 ፐርሚት ቲሲፒ 10.20.20.0 0.0.0.255 ሆስት 10.20.50.20 ኢኪው 443
20 ፐርሚት ቲሲፒ ኤኒ ሆስት 10.20.50.20 ኢስታብሊሽድ
30 ፐርሚት ዩዲፒ ሆስት 10.20.99.1 ኢኪው 123 ሆስት 10.20.50.20
40 ዲናይ አይፒ ኤኒ ሆስት 10.20.50.20
50 ፐርሚት አይፒ ኤኒ ኤኒ

«ኢስታብሊሽድ» የምትለው ቃል በቲሲፒ ፓኬቱ ላይ የመልስ ምልክት፣ ማለትም አክ ወይም ሪሴት የሚባለው ቢት መኖሩን ብቻ ነው የምታየው። ያን ምልክት አስመስሎ መላክ ይቻላል፤ ስለዚህ ከባድ ጥበቃ ለሚሻ ነገር ፋየርዎልን አትተካም። ለዩዲፒ ደግሞ ፈጽሞ አትሠራም፤ መስመር 30 ለብቻዋ የተጻፈችው ለዚህ ነው። ዲኤንኤሱ ከሰርቨሩ ጋር በዚያው ቪላን ውስጥ ስላለ መስመር አላስፈለገውም።

በሥራ ላይ ያለን ዝርዝር መለወጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት አዘዞ ያለውን የመጋዘን ስዊቹን ከተማ መሐል ካለው ቢሮ ሆኜ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ስዊቹ በሚያስገባው መንገድ) አስተካክል ነበር። በማስተዳደሪያው ኢንተርፌስ ላይ የተሰካው ዝርዝር ስለተዘበራረቀ «ኖ አይፒ አክሰስ-ሊስት» ብዬ አጠፋሁትና በዚያው ስም እንደ አዲስ መጻፍ ጀመርኩ። ዝርዝሩ ቢጠፋም ስሙ ከኢንተርፌሱ ላይ አልተነቀለም ነበር። ባዶ ዝርዝር ሁሉን ያሳልፋል፤ የመጀመሪያዋን መስመር፣ የዲኤንኤሷን፣ ጽፌ ኢንተር ስጫን ግን ዝርዝሩ ባዶ መሆኑ ቀረና የተደበቀችው ክልከላ ነቃች። ኤስኤስኤች ገና አልተፈቀደም። ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ብጽፍ ግን ፊደል አይወጣም። ላፕቶፑንና የኮንሶል ኬብሉን (ላፕቶፕን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘውን) ይዤ በምሽት ወደ አዘዞ ወረድኩ።

ስለዚህ ለውጥ ሲያደርጉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

አስቀድመው ያለውን ኮንፊገሬሽን (የስዊቹን ቅንብር) ወደ ኮምፒውተርዎ ይገልብጡ፣ በስዊቹም ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ «ሪሎድ ኢን 10» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ፤ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ ሲነሣም የተቀመጠውን አሮጌ ኮንፊገሬሽን ይዞ ነው። ራስዎን ቢቆልፉ እንኳ መንገድ መሄድ ሳያስፈልግዎት ይከፈትልዎታል። በሙከራው ጊዜ መካከል ግን ሴቭ እንዳያደርጉ፤ ካደረጉ መመለሻው ይጠፋል። ዋጋም አለው፦ ስዊቹ ሲነሣ ከእርሱ ኤሌክትሪክ የሚያገኙ ካሜራዎች፣ አክሰስ ፖይንቶችና ስልኮች አብረው ይጠፋሉ። ስዊቹ የአርካይቭ ማስተካከያ ካለው «ኮንፊገር ተርሚናል ሪቨርት ታይመር 10» የተሻለ ነው፤ በጊዜው «ኮንፊገር ኮንፈርም» ካላሉት ምንም ሳያጠፋ ለውጡን ብቻ ይመልሳል። በጁኒፐር መሣሪያዎች ላይ ይህንኑ የሚሠራው «ኮሚት ኮንፈርምድ» ነው።

ለውጡ አንድ ወይም ሁለት መስመር ከሆነ ቁጥሮቹን ይጠቀሙ። በ10 እየዘለልን የጻፍነው መሐል ላይ ለማስገባት ነው፤ እንግዶች በቪላን 10 ያለውን አንድ ፕሪንተር እንዲጠቀሙ ቢፈለግ መስመሯ 35 ተብላ፣ ከክልከላዋ 40 በፊት ትገባለች። ለማጥፋት «ኖ 35» ይበቃል። መሐሉ ሲጣበብ «አይፒ አክሰስ-ሊስት ሪሲኩዌንስ እንግዳ-1 10 10» ቁጥሮቹን እንደገና ይዘረጋቸዋል። በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠራ የድሮ ዝርዝር ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ «ኖ አክሰስ-ሊስት 110» ብለው ከኋላው አንዲት መስመር ቢጽፉም የሚጠፋው ዝርዝሩ በሙሉ ነው።

ለውጡ ብዙ ከሆነ አሮጌውን አይንኩት። «እንግዳ-2» የሚል አዲስ ዝርዝር ለብቻው ይጻፉ፣ ተረጋግተው ያንብቡት፣ ሌላ ባለሙያ ካለ ያሳዩት፤ ከዚያ በኢንተርፌሱ ላይ «አይፒ አክሰስ-ግሩፕ እንግዳ-2 ኢን» ይበሉ። አዲሱ በአንድ ትእዛዝ የአሮጌውን ቦታ ይይዛል፣ በመሐል ባዶ ጊዜ አይኖርም። ካልሠራ «እንግዳ-1» ን መልሰው ይሰካሉ። አሮጌውን ቢያንስ አንድ የወር መጨረሻ ካለፈ በኋላ ብቻ ያጥፉት።

ወደ ስዊቹ ራሱ የሚገባውን ለመወሰን በቪቲዋይ መስመሮች (ከርቀት በሚገባባቸው) ላይ «አክሰስ-ክላስ» ይጠቀማሉ፤ የሚፈቀደውም ቪላን 99 ብቻ ነው። ይህን ሲሰኩ የተከፈተውን መስኮት አይዝጉ። ሁለተኛ መስኮት ከፍተው እንደ አዲስ ይግቡ፤ የገቡበት ስለሚቀጥል ብቻ ሠርቷል ማለት አይደለም።

መፈተሽ

ፍተሻው ከተጠቃሚው መሣሪያ ይሁን። ከስዊቹ ላይ ሆነው ፒንግ ቢያደርጉ፣ ስዊቹ ራሱ የፈጠረው ፓኬት በ«አውት» ዝርዝር አይመረመርምና ውጤቱ ያሳስትዎታል። የሚያልፈውን ብቻ ሳይሆን መውደቅ ያለበትንም ይሞክሩ፤ በእንግዳ ዋይፋይ ተገናኝተው የሒሳብ ሰርቨሩን ገጽ ለመክፈት ይጣሩ።

«ሾው አክሰስ-ሊስትስ» በየመስመሩ ስንት ፓኬት እንደገጠመ ያሳያል። ብዙ የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ግን ማጣራቱን የሚሠሩት በሃርድዌር ስለሆነ ይህ ቁጥር በሶፍትዌር ያለፈውን ብቻ ይቆጥራል፤ ዜሮ ስላዩ መስመሯ አትሠራም ብለው አይደምድሙ። መስመር ላይ «ሎግ» (የገጠመውን እንዲመዘግብ) መጨመር ይረዳል፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ፓኬት ወደ ፕሮሰሰሩ ስለሚጎትት ለጥቂት ደቂቃ ምርመራ ብቻ ይጠቀሙበትና ያንሱት።

የሁዋዌ ስዊች የሚያስተዳድሩ ደግሞ አንድ ልዩነት አጥብቀው ይያዙ። እዚያ ከ3000 እስከ 3999 ባለው ቁጥር ዝርዝር ተጽፎ በ«ትራፊክ-ፊልተር» ሲሰካ፣ ከምንም መስመር ጋር ያልገጠመ ፓኬት ያልፋል እንጂ አይወድቅም። ከሲስኮ የለመዱትን በቀጥታ ቢገለብጡ የተዘጋ የመሰለዎት በር ክፍት ይሆናል፤ የመጨረሻዋን ክልከላ በእጅ ይጻፉ። በሁለቱም ላይ የአይፒ ቨርዥን 4 ዝርዝር ቨርዥን 6ን አይነካም፤ ቨርዥን 6 በኔትወርኩ ላይ ከበራ የራሱን ዝርዝር ይፈልጋል።

ማስቀመጥና መመዝገብ

ሁሉም ከተፈተሸ በኋላ «ሪሎድ ካንስል» ብለው ቀጠሮውን ይሰርዙ፣ ወዲያው «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርታፕ-ኮንፊግ» ያድርጉ። መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህችን ትእዛዝ ለነገ ማቆየት አይቻልም፤ ያልተቀመጠ ለውጥ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ መብራቱ ሲመለስም ስዊቹ አሮጌውን ይዞ ስለሚነሣ ችግሩ በማግስቱ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ዩፒኤስ ቢኖርም ባትሪው ያረጀ ሊሆን ይችላል።

በዝርዝሩ ውስጥ «ሪማርክ» እያሉ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። የስዊቹ ትእዛዝ መስመር ፊደላችንን ስለማይቀበል አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል፤ አጭር ይሁን፣ ግን ለውጡን ማን እንደጠየቀና መቼ እንደተደረገ ይናገር። ሙሉ ታሪኩ በመዝገብ ደብተር ላይ ይቀመጥ፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ሎጉ በፈረንጅ ቀን ስለሚመዘግብ ከደብተሩ ጋር ለማመሳከር ይጠቅማል። በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ቪላን 30» ብለው ዝርዝሩ አሁንም በቦታው መሰካቱን ያረጋግጡ።